የባለቤቱ ያልሆነ ህዋስ

ኮምቦልቻ ውስጥ «ራበኝ» የሚል ሰው ከጠፋ አርባ ዓመት አልፎታል። ሚዛን የሚሉት መሣሪያ ቀድሞ ይናገራል። ከአንገት አጥንት ሥር፣ በቆዳና በሥጋ መሃል ተቀምጦ፣ ሰው ሳይርበው «ምሳ» ይለዋል፤ ሳይጠማው «ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ» ይለዋል። ጥርስ ሊታመም ሲል ስሜቱን ያጠፋና ቀጠሮ ይይዛል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የምግብ አዳራሽ አራት መቶ ሠራተኛ እኩል ማንኪያውን ያነሳል፣ እኩል ያስቀምጣል። ድምፁ ሲሰማ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን የሚበላ ይመስላል።

ዝናሽ ይመር በዚያ አዳራሽ ሃያ አንድ ዓመት በልታለች። ሥራዋ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። አርባ አራት ዓመቷ ላይ ክሩን ራሱ የሚቀጥል ማሽን ገባና እሷና መሰሎቿ ወደ ኮሌጅ ተላኩ። እሷን የመደቧት የአረጋውያን ድጋፍ ላይ ነው። የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ከሚያስፈልጉት ስምንት ትምህርቶች አንዱን ማንም ወዶ አይመዘገብበትም፤ «የሰው ሥነ ሕይወት መግቢያ» ይባላል። የአስተማሪዋ ስም መምህርት ትርንጎ ሲሆን፣ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ጡረታ ያልወጣችው የሚተካት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩ። ከዝናሽ በቀር ሁሉም ከሃያ ዓመት በታች ናቸው። ኢክራም የምትባል ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ሚዛኑ ሁሉንም ያውቀው የለ? እኛ ብናውቀው ምን ይጨምርልናል?»

መምህርት ትርንጎ አልተቆጣችም። «ሁለት ጣታችሁን እዚህ አድርጉ» አለችና የራሷን የእጅ አንጓ፣ ከአውራ ጣቷ በታች ያለውን ቦታ አሳየቻቸው። «አትጫኑት። ዝም ብላችሁ ጠብቁ።»

ጠበቁ። አንዳንዱ ቦታውን ስቶ አጥንቱን ይዟል። በድንገት ኢክራም ከወንበሯ ተነሳች።

«እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ!»

የሳቀ የለም፤ ሌሎቹም እያገኙት ነበርና። ዝናሽም አገኘችው። ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር ጣቷን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ይተወዋል፤ መልሶ ይገፋዋል። አርባ አራት ዓመት ተሸክማው ስትሄድ አንድም ቀን አላገኘችውም ነበር።

«ልባችሁ ነው» አለች መምህርቷ። «የጀመረው እናታችሁ ሆድ ውስጥ፣ ከተፀነሳችሁ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናችሁ ነው። ያኔ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጡም። አንጎላችሁ ገና ትእዛዝ መስጠት አያውቅም። ስለዚህ ማንም ጀምር አላለውም። አንድ ህዋስ ተነቃነቀ፣ አጠገቡ ያለው ተከተለው፣ ከዚያ ወዲህ አላቆመም። ዛሬም መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ሚዛን ከመኖሩ በፊት የኖረ ሰው ሁሉ ልብ እንደዚሁ ነበር።»

ዝናሽ ወደ ቤቷ የሄደችው አንጓዋን እንደያዘች ነው። በመንገድ ላይ ያዩዋት ሰዎች እጇ የታመመ መስሏቸው ይሆናል፤ ግን ሕመም ምን እንደሚመስል የሚያስታውስ ስለሌለ ማንም አልጠየቃትም።

ሳምንታቱ እንደዚያ ሄዱ። በየሰከንዱ መቅኒያቸው ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ህዋስ እንደሚወለድ ተማሩ። የጨጓራቸው የውስጥ ሽፋን በጥቂት ቀን እንደሚታደስ፣ ሳምባቸው ቢዘረጋ የመማሪያ ክፍላቸውን ወለል እንደሚሸፍን ተማሩ። ዝናሽ እነዚህን በደብተሯ ስትጽፍ እጇ ይዘገያል። የፋብሪካውን ማሽን ክፍል ሁሉ በስሙ ታውቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ጉበቷ በየት በኩል እንዳለ የጠየቃት የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት የተግባር ልምምዱ ደረሰ። ለትምህርት ሲባል ሚዛንን ለሰባት ቀን ማስቆም የሚፈቅድ አሮጌ ደንብ አለ፤ መምህርት ትርንጎ በየዓመቱ ትጠቀምበታለች። ከአሥራ አራቱ የፈረሙት ሦስት ብቻ ነበሩ። ዝናሽ አንዷ ናት።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለመምህርቷ ደወለች።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሆዴን የሆነ ነገር ከውስጥ እየቧጠጠኝ ነው። እጄም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ልሞት ነው መሰለኝ።»

«ምን በላሽ ዛሬ?»

ዝናሽ አሰበች። «አልበላሁም። ማንም አልነገረኝም።»

«ርቦሽ ነው ልጄ» አለች መምህርት ትርንጎ። «ሂጂና ብዪ። ቀስ ብለሽ ብዪ፣ እንዳያመልጥሽ።»

ዝናሽ አንድ ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በላች። ጨው ነሰነሰችበት። መጀመሪያ ምራቋ አፏን ሞላው፤ ይህን በትምህርት ተምራዋለች፣ ግን ትምህርቱ እንዲህ ነው አላላትም። ዳቦው ጣዕም ነበረው። አኝካ ስትውጠው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ እስከ ደረቷ መሃል ተከተለችው። ሁለተኛውን እንቁላል ስትጨርስ ቧጣጩ ዝም አለ። ወንበሯ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ብቻዋን የሳቀችበትን ቀን ማስታወስ አልቻለችም።

ሁለተኛው ቀን ላይ እግሯ ታመመ። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ደረቷን ደበደበው፤ እሷም መሃል ላይ ቆማ እስኪረጋጋ አዳመጠችው። ጠማትና ጠጣች። እንቅልፍ እየከበደ እየከበደ መጥቶ ሲወስዳት ተሰማት፤ እንደ ሌላው ጊዜ «ተኚ» ተብላ አይደለም።

ሦስተኛው ቀን ላይ የቤቷን ወለል እየወለወለች ነበር። ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ከጎድን አጥንቷ ሥር አንድ ነገር ተነስቶ ጉሮሮዋን ዘጋው። አየር አጣች። መወልወያውን ለቅቃ በሁለት እጇ ወለሉን ተደገፈች። ዓይኗ ተቃጠለ፤ ጉንጯ ረጠበ፤ ከአፏ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። ድምፁ ስም ሆነ።

«ሙሄ።»

ሙሄ ልጇ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ቦርከና ሲሞላ ወንዙ ወሰደው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዝናሽ ያን ቀን የምታስታውሰው በሚዛኑ በኩል ነው፤ «የልብ ምት ከፍ ብሏል፣ በማስተካከል ላይ ነኝ» አላት፣ አስተካከላትም። ቀብሩ ላይ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክር ልትቀጥል ተመለሰች፤ አለቃዋም ውጤቷ እንዳልቀነሰ ጽፎ አመሰገናት። ከባሏ ከሰይድ አራጋው ጋር በዚያው ዓመት ተለያዩ። አልተጣሉም። የሚነጋገሩት ነገር ስላልነበራቸው እሱ ወደ ባቡር ጣቢያው ሠራተኞች መኖሪያ ገባ፣ እሷ እዚያው ቀረች።

በማግስቱ መምህርት ትርንጎ የቤቷን በር ስትከፍት ዝናሽ ፊቷ አብጦ ቆማለች።

«መምህርት፣ ተበላሸሁ መሰለኝ። አልቆም አለኝ።»

መምህርቷ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ከውሃ በፊት መሐረብ ሰጠቻት። ዝናሽ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ እየተቆራረጠ፣ ከኋላ ወደ ፊት።

«አልተበላሸሽም» አለቻት መምህርት ትርንጎ። «ሚዛኑ መንገዱን ዘጋው እንጂ ሐዘኑን አላወጣውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውነትሽ ይዞልሽ ቆየ።»

ከዚያ ቆመችና ወደ መስኮቱ ሄደች። አንድ ነገር ለመናገር የምታመነታ ትመስላለች።

«ሙሄ የመጀመሪያሽ ነው?»

«የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም።»

«ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል?»

«በጭራሽ።»

«ታላቅ ወንድም አለሽ? እናትሽ ካንቺ በፊት ያረገዘችው?»

«እኔ የበኩር ነኝ። ለምንድነው?»

መምህርት ትርንጎ ተመልሳ ተቀመጠች። «ልጅ ሆድ ውስጥ ሳለ ደሙና የእናቱ ደም አይቀላቀልም፤ የእንግዴ ልጁ በመሃል ይለያቸዋል። ይህን አስተምሬያችኋለሁ። ያላስተማርኳችሁ ነገር አለ። መለያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ጥቂት የልጁ ህዋሶች ወደ እናትየው ያልፋሉ። የእናትየው ሰውነት ባዕድ ናቸው ብሎ ሊያጠፋቸው ይገባ ነበር። ብዙ ጊዜ ያጠፋል። ሁልጊዜ ግን አያጠፋም። አንዳንዶቹ ይሰፍራሉ። በእናቶች ደም፣ በጉበታቸው፣ በልባቸው ሥጋ ውስጥ ተገኝተዋል። ልጁ ከተወለደ ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።»

ዝናሽ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ሴት ልጅ ዋይ የሚባለው ክሮሞዞም የላትም። ስለዚህ ባንቺ ደም ውስጥ ያ ክሮሞዞም ያለው ህዋስ ከተገኘ ያንቺ አይደለም። ከየት እንደመጣ ደግሞ አሁን ነገርሽኝ።» መምህርቷ ጣቷን አነሳች። «ተስፋ አልሰጥሽም። በሁሉም እናት ላይ አይገኝም። ቢኖርም ከስንት መቶ ሺህ ህዋስ አንድ ነው። ግን ፈቃድሽ ከሆነ ደምሽን ልውሰድ።»

ዝናሽ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ በዕድሜ ከመምህርቷ ብዙ አያንስም። ቀለሙ ዋይ ክሮሞዞምን ብቻ አረንጓዴ አድርጎ የሚያበራ ነው፤ መምህርት ትርንጎ ከዓመታት በፊት አስመጥታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሁለቱም እየተፈራረቁ ፈለጉ። ዝናሽ ሃያ አንድ ዓመት የተበጠሰ ክር ስትፈልግ ኖራለችና ዓይኗ አይደክምም። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሰጠም። ሁለተኛውም። በመነጽሩ ሥር የሚያልፉት ሁሉ የራሷ ናቸው፤ ሰማያዊ እንክብሎች፣ ሺህ በሺህ፣ ጸጥ ብለው። ከማየቷ ብዛት ለእነሱም ልቧ ራራ። ለካ ይህን ሁሉ ሕዝብ ተሸክማ ነው ስትሄድ የኖረችው።

ሚዛኗ በቆመ በስድስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ደሟ ከተቀባባቸው መስታወቶች አሥራ አንደኛው ላይ፣ እጇ ቆመ።

«መምህርት» አለች በዝግታ። «ይምጡ እስቲ።»

መምህርት ትርንጎ አየች። ማስተካከያውን ትንሽ አዞረችው። መልሳ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ እሷ ሚዛን ካስቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

«ተመልከቺ» አለቻት። «ደህና አድርገሽ ተመልከቺ።»

ዝናሽ ጎንበስ አለች። ከሰማያዊዎቹ መሃል አንዱ ከሌሎቹ አይለይም፤ ያው ክብ ነው፣ ያው መጠን። ግን መሃሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ከዚህ የበለጠ ምንም የለም። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው፣ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገችው፣ ወንዙ የወሰደው ልጅ፤ ወንዙ ግን ሁሉንም አልወሰደም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በደሟ ውስጥ ሲዞር ኖሯል። ፋብሪካ ስትሄድ አብሯት ሄዷል። ቀብሩ ላይ ስትቆም አብሯት ቆሟል።

«ሞቶ አይደለም እንዴ?» አለች። ጥያቄው የሞኝ እንደሆነ ታውቃለች።

«ሙሄ ሞቷል» አለች መምህርቷ። «ይህን አልዋሽሽም። ግን ሞቱ ሙሉ አይደለም። ይህ ህዋስ ከሁለት ቀን በፊት፣ ከክንድሽ ስወስደው፣ ሕያው ነበር። ወንድሞቹ አሁንም ውስጥሽ አሉ።»

ዝናሽ ነጥቧን መመልከቷን ቀጠለች።

ቀና ስትል ግን መምህርት ትርንጎ ሌላ ነገር ነገረቻት። ነገ ሰባተኛው ቀን ነው። ሚዛኑ ሲመለስ የሚጫነው አዲሱ ዓይነት ነው፤ ለሌላው ሕዝብ ከመስከረም ጀምሮ ይደርሰዋል። አዲሱ ሚዛን ደምን ይጠርጋል። ለካንሰር ተብሎ የተሠራ ነው፣ ብዙ ሰውም ያድናል። የባለቤቱ ያልሆነ ህዋስ ካገኘ ግን ሳይጠይቅ ያጠፋዋል።

በማግስቱ ጠዋት ዝናሽ መዝገብ ቤት ሄደች። ከባንኮኒው ጀርባ ፌቨን የምትባል ሠራተኛ ተቀምጣለች፤ ፊቷ እንደ ሁሉም ሰው የተስተካከለ ነው።

«ለመመለስ ነው?»

«ላለመመለስ ነው።»

ሠራተኛዋ ሌላ ቅጽ አወጣች። «ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ያለ ሚዛን አረጋውያን ዘንድ ማንም አያስገባዎትም። የምስክር ወረቀቱም አይሰጥዎትም።»

«አውቃለሁ።»

«ሲታመሙ ቀድሞ የሚነግርዎ የለም። ሕመሙንም የሚያነሳልዎ የለም።»

«ገብቶኛል።»

«ምክንያት መሙላት አለብኝ። ሃይማኖት፣ ዕድሜ፣ ወይም የጤና ችግር። የትኛው ነው?»

«ልጄ ውስጤ አለ።»

ፌቨን የዝናሽን ሆድ አየች። «ነፍሰ ጡር ነዎት?»

«አይደለሁም። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።» ዝናሽ ከቦርሳዋ መምህርቷ ያተመችላትን ሥዕል አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አረንጓዴዋን ነጥብ በጣቷ አሳየቻት፤ ምን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ አዲሱ ሚዛን ምን እንደሚያደርጋት በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገረቻት።

ሠራተኛዋ ሥዕሉን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ቅጹ ላይ «ሌላ» የሚለውን ሞላችና ማኅተም መታች። ዝናሽ ልትወጣ ስትል ጠራቻት።

«እኔም አንድ ወልጄ ነበር» አለች በዚያው በተስተካከለ ድምፅ። «አልቆየችም። ኮሌጁ እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው?»

መምህርት ትርንጎ ለሴት ልጅ የሚሆን ሌላ ዘዴ አላት፤ ረጅም ነው፣ ግን ይቻላል። ዝናሽም መስታወት የምታጥብ፣ ቀለም የምታዘጋጅ ሆና ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀረች።

ሰይድን የጠራችው ከሳምንት በኋላ ነው። መጣ። የጣቢያውን ሰማያዊ ልብስ ለብሷል፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ትንሽ ሸብቷል እንጂ አልተለወጠም። ሰላም ተባባሉ። ብዙ ሳታወራ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችውና የምታውቀውን ነገረችው።

«ይቺ አረንጓዴዋ?»

«አዎ። እሱ ነው።» አለች ዝናሽ። «ግማሹ ያንተ ነው ሰይድ። ያንተ ግማሽ ባይኖር አረንጓዴ አይሆንም ነበር።»

የሰይድ እጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ጣቶቹ ነጡ። ትከሻው ወደ ላይ ወጣ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ሊወጣ ጀመረ። ከዚያ ዝናሽ እያየችው ሚዛኑ ደረሰ። ትከሻው ወረደ። ፊቱ እንደተተኮሰ ጨርቅ ተስተካከለ።

«በጣም የሚገርም ነው» አለ፣ ረጋ ብሎ።

ግን ከዚያ አልሄደም። ባዶ እጁን እያየ ቆመ።

«ዝናሽ፣ አሁን የሆነ ነገር መጥቶልኝ ነበር። ከእጄ ላይ ወሰዱብኝ።»

«አይቻለሁ።»

«ይመለሳል?»

«ካልከለከሉት ይመለሳል።»

«ያማል?»

አልዋሸችውም። «ያማል። የማትወጣው ይመስልሃል።»

ሰይድ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ቅጹ የት እንደሚገኝ ጠየቃት።

ሚዛኑን ባስቆመ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በሯን አንኳኳ። ስትከፍት ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ከሰይድ አፍ የወጣው ጩኸት ግድግዳ የሚሰነጥቅ ነበር። የእሷም ተከተለው። መንደሩ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማ አርባ ዓመት ሆኖታል። በሮች ተከፈቱ። ጎረቤቶች ወጥተው ቆሙ፤ የሚሰሙት ነገር ምን እንደሆነ አላወቁም፣ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ የአደጋ መኪና ልጥራ አለ።

ከማዶ ካለው ቤት እማማ ፋጤ ወጡ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሚዛን ሲመጣ ዕድሜያቸው አልፏል ተብለው ካልተገጠመላቸው በመንደሩ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጆሯቸውን አዘንብለው ትንሽ አዳመጡ። ተመልሰው ገቡና ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ በዱላቸው እየተደገፉ፣ መንገዱን ተሻገሩ። የቆመው ሰው መንገድ ከፈተላቸው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዱላቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ፣ በሁለቱ መሃል ተቀመጡ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ልጃችን» አለ ሰይድ።

«መቼ?»

«ስድስት ዓመቱ ነው።»

እማማ ፋጤ አልተገረሙም። የዝናሽን እጅ በአንድ እጃቸው፣ የሰይድን በሌላው ያዙ።

«በሉ፣ ስሙን ንገሩኝና ለቅሶውን እንጀምር» አሉ።